የደገፋ ቀኝ ክንድ

ደገፋ ሮበሌ ላፍቶ ውስጥ ብሎኬት ይሠራ ነበር። ላፍቶ ያን ጊዜ፣ በ1989 ዓ.ም.፣ ግማሹ የጤፍ ማሳ፣ ግማሹ የመሠረት ጉድጓድ ነበር። አባቱ ባረሱት መሬት ላይ ሰዎች ቤት ሲያቆሙ ብሎኬቱን የሚያቀርብላቸው እሱ የሚሠራበት ግቢ ነው። ይህን የሚያውቁ የሰፈር ሰዎች ከንፈራቸውን እየመጠጡ «አይቆጭህም ወይ?» ይሉታል። ደገፋ አካፋውን እንደያዘ «ምን ይደረግ፣ ይሁን» ይላል። ይህቺ «ይሁን» ከአፉ አትጠፋም ነበር። ብሎኬቱ ሳይደርቅ ዝናብ ሲመታው ይሁን፤ ያጫት ልጅ መጠበቁ ሰልችቷት ሌላ ስታገባ ይሁን።

ሰዉ ትዕግሥተኛ ይለዋል። ውሸት ነው። ትዕግሥተኛ ማለት እያመመው የሚችል ሰው ነው፤ ደገፋን ግን የሚያመው ነገር አልነበረም። በ1979 ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሄደ፣ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ ተጉዞ ተመለሰ። እግሩ ተመለሰ፤ የቀረው ነገሩ አብሮት አልመጣም። ከሦስት ዓመት በኋላ አባቱ ሲሞቱ ድንኳን ተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተሸከመ፣ ለቀስተኛውን እጅ አስታጠበ፤ እንባ ግን ጠብ አላለውም። አክስቶቹ ጥግ ይዘው አንሾካሾኩበት። እህቱ ለሊሴ ብቻ «ተዉት፣ እሱ እንዲህ ነው» አለች። እሱ ራሱ አስከሬኑ ሲወጣ ያሰበው የድንኳኑ አንዱ ካስማ መላላቱን ነበር።

በዚህ ሁሉ መሀል በሳምንት አንድ ቀን ከቤት የምታስወጣው ነገር ነበረች፤ ሻሞላ። ሻሞላ ስል የድሮ መኳንንት በወገባቸው የሚያንጠለጥሉት እንዳይመስላችሁ። የስፖርት ነው፤ ቀጭን፣ ጫፉ የደነዘዘ፣ ሲነካ እንደ ሸንበቆ የሚለመጥ።

ሻምበል እስጢፋኖስ በቀድሞው ሠራዊት የስፖርት መምህር ነበሩ። በወጣትነታቸው ውጭ አገር ተልከው ይህን ስፖርት ተምረው መጡና በማሠልጠኛ ጣቢያው ትንሽ ቡድን አቋቋሙ። ደገፋንም ያገኙት እዚያው ነው፤ ከሰልፉ መሀል የክንዱን ርዝመት አይተው «አንተ ረጅሙ፣ ና ውጣ» አሉት። ሁለት ዓመት ያህል አሠለጠኑት፣ ከዚያ ወደ ግንባር ተላከ። ሠራዊቱ ሲበተን ሰው ሁሉ ከግምጃ ቤት የቻለውን ይዞ ወጣ፤ አንዱ ብርድ ልብስ፣ አንዱ የወጥ ድስት። ሻምበል ግን ስምንት ሻሞላና ስድስት የሽቦ ጭምብል በፍራሽ ጠቅልለው ጎፋ ወዳለው ቤታቸው ገቡ። ባለቤታቸው ፍራሹን ሲፈቱት ያሉትን እዚህ መጻፍ ነውር ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ባለው ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ልምምድ አለ። ስድስት ሰባት ሰው ይመጣል፤ ግማሹ እንደ ደገፋ የተበተነ ወታደር፣ ግማሹ የጎፋ ወጣት። ሻምበል ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው። «ሻሞላ በክንድ አይደለም፣ በጭን ነው» ይላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ የሞላ ጀሪካን በሁለት እጅ ይዞ፣ ጉልበትን ሸብረክ አድርጎ፣ እሳቸው መቶ እስኪቆጥሩ መቆም ነው። ቆጠራቸው ደግሞ ጉድ ነው፤ ሰባ ላይ ሲደርሱ አንድ ጨዋታ ትዝ ይላቸዋል፣ ጨዋታውን ጨርሰው ከስልሳ ይቀጥላሉ። ቀጥሎ በኖራ በተሰመረ መስመር ላይ ሁለት እርምጃ ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ፣ ያለ ዝላይ፣ ጫማው ሲሚንቶውን ሳይፈጨው። ከዚያ ጓንቲ ይመጣል። ሻምበል አንድ አሮጌ ጓንቲ በትከሻቸው ልክ ይዘው ይቆሙና ሳይናገሩ ይለቁታል፤ ተማሪው መሬት ሳይደርስ ተስፈንጥሮ መቅለብ አለበት። መጨረሻ ላይ የካልሲ ኳስ በገመድ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች፤ እሷን በሻሞላው ጫፍ መቶ ጊዜ መውጋት ነው። ደገፋ በዚህ ሁሉ አንደኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ ብሎኬት ሲያነሳ ለሚውል ሰው ጀሪካን ምኑ ነው?

ውጭ አገር ሰው ሲነካ የሚበራ የኤሌክትሪክ መብራት አለ ይባላል፤ ጎፋ ግን አልደረሰም። ሻምበል በፈንታው ሁለት ነገር አበጁ። አንዱ ከሰል ነው። የሻሞላው ጫፍ በጨርቅ ይጠቀለልና የከሰል ዱቄት ውስጥ ይነከራል፤ ከድርብ አቡጀዲ በተሰፋው ነጭ ጃኬት ላይ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ሌላው ሕግ ነው። የተነካ ሰው ማንም ሳይጠይቀው ግራ እጁን አንሥቶ «ነካኝ» ይላል። ነካኝ ካለ ዳኛ አይከራከረውም፣ ጃኬቱም አይመረመርም፣ ለባላጋራው ነጥብ ይያዛል። «ከተነካው ሰው በላይ ማን ሊያውቅ ነው?» ይሉ ነበር ሻምበል ጣታቸውን ቀስረው። በዚህ ሕጋቸው እንደ ልጃቸው ነበር የሚኮሩበት።

የደገፋ ጣጣ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1981 ግንባር ሳለ አንዲት የፈንጂ ፍንጣሪ በቀኝ ትከሻው ሥር ገብታ ወጥታ ነበር። ቁስሉ ዳነ፣ ጉልበቱም ተመለሰ፣ ነገር ግን ከትከሻው እስከ ክርኑ ያለው ቆዳ ሞቶ ቀረ። ቢቆነጥጡት አይሰማውም። አንድ ጊዜ የፈላ ውሃ ፈስሶበት ያወቀው ውሎ አድሮ ቆዳው ሲላጥ ነው። ይህን ለሻምበል አልነገራቸውም። በመጀመሪያ ከቡድኑ እንዳያስወጡት ፈርቶ፣ ኋላ ደግሞ ጊዜው አልፎበት። ያንን ክንድ የሚጠብቀው በዓይኑ ነበር። የባላጋራው ሻሞላ ወደ ክንዱ መጥቶ ሲለመጥ ካየ «ነካኝ» ይላል። ሻሞላ ምንም ሳይነካ አይለመጥምና ብዙውን ጊዜ ልክ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ከሁሉም ቀድሞ የሚያምነው እሱ ሆነ፣ «ሐቀኛው ደገፋ» ተባለ። ከቡድኑ ሁሉ ፈጣን የነበረው ሚኪ የሚባል የሃያ ዓመት ወጣት «ደጌ እኮ ዝንብ ብታርፍበትም ነጥብ ይሰጣታል» እያለ ያስቃል። ደገፋም አብሮ ይስቃል። ስሙን ግን አልጠላውም። ሰው ስለ እሱ የሚለው አንድ መልካም ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ጃኬቱን እሑድ እሑድ የምታጥብለት ለሊሴ ናት። ሳፋው ፊት ዘርግታ ነጥቦቹን ታያቸውና «ትናንት ስንት ጊዜ ሞትክ?» ትለዋለች። ቁጥሩን ይነግራታል፣ እሷም ሳሙናዋን ታነሳለች። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ቆጥራ ከመልሱ ጋር አስተያይታ አታውቅም። ማንስ እንዲህ ያለ ሥራ ፈት አለ?

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ለሻምበል ከአንድ የስፖርት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣላቸው። ውጭ አገር የስድስት ወር የአሠልጣኝነት ትምህርት ተገኝቷል፣ ቦታው ለአንድ ሰው ነው፣ የሄደው ሰው ሲመለስ በአሠልጣኝነት በቋሚነት ይቀጠራል። ሻምበል ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት ትቷል። ከእሳቸው በኋላ ይህን ነገር የሚይዝ ሰው ከሌለ ስምንቱ ሻሞላ ለቆራሌው እንደሚሸጥ ያውቁታል። ሁለት ሰው አጩ፤ ደገፋንና ሚኪን። ከፋሲካ በኋላ በአምስት ነጥብ ተጋጥመው ያሸነፈው እንዲሄድ ተወሰነ።

ደገፋን ለብቻው ወሰዱት።

«አንተ ልጅ፣ ደብዳቤውን ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ፣ ሻምበል።»

«ትፈልገዋለህ?»

ደገፋ ትንሽ አሰበና «ከተገኘ ይሁን» አለ።

«ይሁን አላልኩህም። ትፈልገዋለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«እርስዎ ካሉ…»

ሻምበል ተናደዱ። «እኔ እኮ አልሄድም! አንተ ነህ የምትሄደው። ሰው እንዴት የሚፈልገውን አያውቅም?» ብለው ጥለውት ሄዱ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሰው ጓንቲያቸውን አነሱ።

ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ ሠራ። ጎህ ሲቀድ ከሥራ በፊት በእያንዳንዱ እጁ አንድ አንድ ብሎኬት ይዞ የላፍቶን ዳገት ይወጣል፣ ባዶ እጁን ይወርዳል፣ አሥር ጊዜ። ሁዳዴ ሲገባ ሻምበል «ጾሙን ጹም፣ ግን ሰውነትህን አታክሳው» ብለው በሶ በጠርሙስ በጥብጠው ይሰጡት ጀመር፤ ማታ ማታ ጾሙን የሚፈታው በእሷ ነው። ግድግዳ ላይ በከሰል አምስት ክብ ሥሎ በተጠራው ቁጥር ልክ መውጋት ተለማመደ፤ ቁጥሩን የምትጠራለት ለሊሴ ናት፣ እሷም ሆነ ብላ ታሳስተዋለች። ጭኑ ጠነከረ፣ እርምጃው ቀለለ።

ደግሞ አንድ ነገር አደረገ። አንድ ቀን ከሳልባጅ ተራ አንድ ወፍራም ካፖርት ገዝቶ መጣ፤ ጥቁር፣ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ፣ አንድ ቁልፍ የጎደለው። ለሊሴ ዓይኗን አፍጥጣ «በዚህ ፀሐይ?» አለችው። «ክረምት ይመጣል» አላት። ቁልፉን ራሱ ሰፋ፣ በማንጠልጠያ ሰቀለው። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ካፖርት የሚያስለብስ ክረምት የለም፤ እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። ቢጠይቁት ግን አሁንም «ይሁን» ነበር የሚለው።

የግጥሚያው ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ሰውዬ ዋና ዳኛ ሆነ። በአራቱ ማዕዘን አራት ዳኞች ቆሙ፤ ሁለቱ ሚኪን፣ ሁለቱ ደገፋን እንዲያዩ። ደገፋን ከሚያዩት አንዱ ሻምበል ናቸው። ለማንም እንዳያደሉ በልባቸው መማላቸው ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር፤ ደገፋን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

ደገፋ በረጅም ክንዱ ሁለት ነጥብ ወዲያው አገኘ። ሚኪ ሆዱ ላይ አንድ፣ ደረቱ ላይ ሁለት አስቆጠረበት። ሦስቱንም ጊዜ ደገፋ በደንብ ተሰምቶት «ነካኝ» አለ። ደገፋ ሦስተኛውን አስገባ፣ እኩል ሆኑ። ደገፋ አራተኛውን አስቆጠረ፣ ሚኪ በደገፋ ግራ ትከሻ ላይ አራተኛውን መለሰ። አራት ለአራት። ከዚህ በኋላ ያለችው አንዲት ነጥብ ስድስት ወር ናት፣ ቋሚ ሥራ ናት፣ ከሲሚንቶ አቧራ መውጫ ናት።

ሚኪ መጣ። ደገፋ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለ፣ ልክ በኖራው መስመር ላይ እንደተማረው። ሚኪ ተስፈነጠረ። ደገፋ ሊመልሰው እጁን አዞረ፣ ትንሽ ዘገየ፣ በጭምብሉ ሽቦ ውስጥ የሚኪ ሻሞላ ወደ ቀኝ ክንዱ መጥቶ ቅስት ሲሠራ አየ። ሕዝቡ ይጮህ ነበር። ሁለቱም ተለያይተው ቆሙ።

ዋናው ዳኛ ማዕዘኖቹን ተመለከተ። አንድም እጅ አልተነሳም። «ምንም የለም፣ ቀጥሉ» አለ።

ደገፋ ሻሞላውን ዝቅ አደረገ። ግራ እጁን አነሳ። «ነካኝ» አለ።

ሚኪ ጭምብሉን ገፍቶ ከግንባሩ በላይ አደረገው። «ደጌ፣ እርግጠኛ ነህ? እኔ እንጃ…»

«ነካኝ አልኩህ።»

ዋናው ዳኛ ወደ ሻምበል ዞረ። ሻምበል የደገፋን ክንድ ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ከዚያም ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ነጥቡ ለሚኪ ተያዘ። የተጨበጨበው ግን ለደገፋ ነው። ሰው እየመጣ እጁን ጨበጠው፣ አንዲት የሰፈሩ ወይዘሮ «እንዲህ ያለ ሰው አልጠፋም እንዴ!» ብለው ጉንጩን ሳሙት። ሚኪ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ «ይቅርታ ደጌ» አለው። ደገፋ ምንም አልተሰማውም። ጃኬቱን አጣጥፎ በፌስታል ከተተ፣ ሻሞላውን በጨርቅ ጠቀለለና ወደ ላፍቶ ሄደ።

በማግስቱ ለሊሴ ጃኬቱን ሳፋው ፊት ዘረጋችው። መሸነፉን ሰምታለች፤ ግን እንደ ልማዷ ካልጠየቀች የባሰ ይከብደዋል ብላ «ስንት ጊዜ ሞትክ?» አለች።

«አምስት።»

«አራት ነው ያለው።»

«አምስተኛው ቀኝ እጅጌው ላይ ነው፣ በደንብ እይው።»

«ዓይን አለኝ እኮ። እጅጌው ንጹሕ ነው።»

ተነስቶ መጣ። እጅጌውን ወደ ፀሐይ ዞር አድርጎ አየው፣ በውስጥም በውጭም አየው። ነጭ ነው። ወደ ቤት ገብቶ ሻሞላውን ከጨርቁ ፈታ። ጣትን የሚሸፍነው የብረቱ መከለያ ላይ፣ ጠርዙ አጠገብ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የከሰል ጥቁረት አለች። የሚኪ ሻሞላ የተለመጠው እዚያ ላይ ነው። ክንዱ ጋ አልደረሰም።

ለሊሴ «ምን ሆንክ?» እያለችው ሻሞላውን እንደያዘ ወደ ጎፋ ወጣ።

ሻምበል በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ቅባት ያሻሉ። ደገፋ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«አልነካኝም ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ ሻምበል። «መከለያህን ነው ያገኘው። አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እጄን አላነሳሁም እኮ! አንተ ነህ ያነሳኸው።» ቅባቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «አንድ ጊዜ ልናገር ብዬ ነበር። ከዚያ የእኔ ዓይን ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ገላው ተነካሁ ያለውን ሰው እኔ በምን አፌ አልተነካህም እለዋለሁ ብዬ ተውኩት። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ነው ያደርኩት።»

ደገፋ «ገላዬ አይናገርም፣ ሻምበል» አለ። ከዚያም ሁሉንም ነገራቸው፤ ፍንጣሪዋን፣ የፈላውን ውሃ፣ በዓይኑ እያየ ነካኝ ሲል መኖሩን። ስድስት ዓመት የደበቀው ነገር ለመናገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ሻምበል አልተቆጡም። «እጅጌህን ሰብስብ» አሉት። ሰበሰበ። «ዓይንህን ጨፍን። ስነካህ ተናገር።»

ደገፋ ዓይኑን ጨፈነ። ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። የሆነ ቤት ሽንኩርት ይቁላላል። ጠበቀ። አሁን ነክተውኝ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ እኚህ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው እኔን ሲጠብቁ አፍሬ ዝም ብል ደግ አይደለም አለ በልቡ።

«ነኩኝ» አለ።

ዓይኑን ሲገልጥ ሻምበል ከወንበራቸው አልተነሱም። ቅባቱ ጭናቸው ላይ እንዳለ ነው።

ሻምበል ቅባቱን ከድነው «ነገ በጠዋት መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ልንገራቸው? የሚኪ ስም ወደ ውጭ ገና አልተላለፈም» አሉ።

«ምን ብለው? ክንዱ የማይሰማው ሰው ነው ብለው? ሐኪም ያስመረምሩኛል፣ ያኔም ያው ነው። ሚኪ ጎበዝ ነው፤ ይሂድ።»

ሻምበል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልክ ነበር። «እንግዲህ ይሁን በላ» አሉት በዝግታ። «አንተ እንደሆንክ ለሁሉም ይሁን ነው።»

ደገፋ አፉን ከፈተ። ያቺ ስንት ዓመት ያገለገለችው ቃል አልወጣ አለችው። እሱም ገረመው።

«መሄድ ፈልጌ ነበር» አለ። «በጣም ነበር የፈለግኩት፣ ሻምበል። ካፖርት እንኳ ገዝቼ ነበር።»

ከዚያ አለቀሰ። እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ፣ አፍንጫውን በመዳፉ እየጠረገ፣ አባቱንም ሌላውንም ሁሉ አንድ ላይ። የሻምበል ባለቤት ከጓዳ ብቅ አሉና አይተው ተመለሱ። ሻምበል ጉልበታቸውን ደግፈው እንደምንም ተነሱ፣ በዚያኛው በኩል ዞረው ግራ ትከሻውን፣ የሚሰማውን፣ በእጃቸው ያዙት። ጸጥ እስኪል ድረስ አልለቀቁትም።